ሁለተኛ

ልጅ ሳለሁ ስቀጣ፣ አርጩሜው ሲያፏጭ በጆሮዬ ጥግ፣
«ሁለተኛ!» እል ነበር፣ «ሁለተኛ አይለምደኝም! ሁለተኛ አላደርግ!»
ዛሬ አፉላ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የደም ክፍል ወንበር ላይ፣
ዶክተር ራኒያ ወረቀቱን ገልጣ ቁጥሬን ስታይ፣
በዕብራይስጥ አንድ ቃል ጣለች፤ ልጄ ሊያት ተቀብላ
«ሁለተኛ» አለችኝ፣ «ሁለተኛ መድኃኒት ነው» ብላ።
ሳቄ መጣ። ምን አጠፋሁ?

የመጀመሪያው፣ ስድስት ዓመት ከምሳ ጋር የሚመጣ፣
ቀጠሮ እንደሚያከብር ዘመድ፣ አንድም ቀን ያልቀጣ፣
ደከመው። እንዲህ ነው ያሉኝ፤ መድኃኒትም ይደክመዋል፤
ወይም በሽታው ሌሊት ተነሥቶ ቁልፉን ይቀይራል።
በኅዳር ከሺህ አንድ ነበር፣ ሊጠፋ ጥቂት የቀረው፤
በግንቦት ከመቶ አራት ሆነ። ማን ቀሰቀሰው?

ሊያት እዚህ ተወልዳ፣ አማርኛዋ የጓዳ ነው፤
«እማ፣ የአጥንትሽ ውስጥ ቅቤ» አለች፣ «እሱ ነው የታመመው።»
«መቅኔ» አልኳት።
«መቅኔ፣ መቅኔ» አለች፣ አዲስ ጓደኛ እንደምትጠራ።
ቅቤስ በሆነ፤ ቅቤ ይነጠራል፣ አተላው ተገፎ ይጠራ።
አገሬ ሰው ገንዘብ ሲበተንበት «መቅኖ የለውም» ይላል፤
የእኔ ግን በዛ እንጂ መች ጎደለ፤ ነጩ ደሜ ያለ ልክ ይፈላል፣
እሳት ላይ ጥደው እንደረሱት ወተት።

አዲሱ ክኒን ባሕታዊ ነው፤ ጾም ያዛል።
ሁለት ሰዓት አስቀድሞ፣ አንድ ሰዓት አስከትሎ፣ እህል አይቀመስም ይላል።
የሊያት ስልክ «ሰባት» ሲል፣ የእኔ አፍ «አንድ ሰዓት» ይላል፤
ጧትም፣ ማታም። እሱ ሁለታችንንም ይሰማል።
በዓመት አንዴ ለሥግድ ስጾም የኖርኩ ሴትዮ፣
በቀን ሁለት ሥግድ ወጣብኝ፣ ያለ ተራራ፣ ያለ ቄስ፣ ወዮ!
የጎረቤቴ የቫርዳ ፖሜሎ አጥር ዘልቆ ቢያየኝም
ከክኒኑ ጋር ጠበኛ ነው፣ ልብ ያውካል፣ አልነካውም።
የምሠራው ሱፍ ከሚቆላበት ቤት ነው፤ ያችን አንድ ሰዓት
በእፍኝ እየሰፈርኩ ለሰው፣ አንዲት ፍሬ ሳልሰብር አሳልፋት።

«ይኼም ባይሆንስ?» አልኩ። ሊያት ዝም አለች።
ዶክተሯ ዓይኔን አይታ ያለ አስተርጓሚ ገባት፤ ጣቷን ቆጠረች፦
ሦስተኛ ክኒን አለ። ከዚያ ወዲያ፣
የእናት የአባት ልጅ፤ ወንድም፣ መቅኔው ከገጠመ።

ወንድሜ አስረስ ጎንደር ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ጓዙን ጠርዞ፣
«ወንድምነቱ አልተረጋገጠም» የሚል ደብዳቤ ይዞ።
እኛ ሰባት ቤት የምንቆጥር፣ አጥንት ሳንጠይቅ የማንጋባ፣
አንድ አጥንት መሆናችንን አስረዱ ተባልን፣ በፎቶ፣ በምስክር፣ በእንባ።
ቢሮው ያላመነውን ደማችን ቢመሰክርስ?
ክኒኑ እንዲሠራ እጸልያለሁ።
አንዳንድ ሌሊት ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣
እንዳይሠራ፤
እሱ እንዲጠራ።
ይህን ለሊያት አልነገርኳትም። ብትሰማው በየትኛው ቋንቋ ትፈርድብኝ?

ስልኩ ጮኸ። ሁለት ፈዛዛ ቢጫ እንክብል በመዳፌ።
«ሁለተኛ» እላለሁ፣ ውኃው ሳይደርስ ከአፌ፣
ለዶክተሯ ይሁን፣ ለእናቴ አርጩሜ፣ ለአስረስ፣ እንጃ።
ከጠረጴዛው ማዶ ሊያት፣
ዳቦዋን ሳትቆርስ ትጠብቀኛለች፣ ማንም አልጹሚ ሳይላት፤
«መቅኔ» ትላለች በቀስታ፣ እንዳይጠፋባት።
ሃምሳ ሦስት ደቂቃ ቀርቷል።